አርባ ሰው የያዘች ፉርጎ

ስድስት የጽሕፈት ወረቀት ደራረብኩና በካሊፐር ለካሁ፤ ስድስት አሥረኛ ሚሊሜትር ሆነ። የምፈልገው ከዚያ ጥቂት ያነሰ ነበር። ወረቀቶቹን በሁለት ጣቴ ይዤ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣኋቸው። በሌላው እጄ ጥፍር መታ ሳደርጋቸው እንደ ደረቅ ቅጠል ኮሽ አሉ። ያን ቀን ከዚያ ወዲያ ሌላ ሥራ አልሠራሁም።

ሶቭየቶች በ1936 እና በ1937 በሌኒንግራዱ የኪሮቭ ፋብሪካ የሠሯት አንዲት ብረት ለበስ ፉርጎ አለች። (እዚህ ወግ ውስጥ ዓመቱም ወሩም ቀኑም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ስሟ ኤምቤቬ-2 ነው፤ “ሞቶብሮኔቫጎን” ከሚለው ቃል የተወሰደ ነው፤ ባለ ሞተር ብረት ለበስ ፉርጎ እንደ ማለት። የብረቷ ውፍረት ከ16 እስከ 20 ሚሊሜትር ነው። እኔ የምሠራው ከእውነተኛዋ 35 ጊዜ የሚያንስ ሞዴል ስለሆነ 20ውን ለ35 ሳካፍለው 0.57 ይመጣል። ስድስት ወረቀት አይሞላም። በዚያ ስድስት ወረቀት ጀርባ አርባ ሰው ተቀምጦ ይዋጋ ነበር።

ለአማርኛ አንባቢ ይህችን ፉርጎ ማሳየት ከባድ አይደለም። አስመራን ያየ ሰው ሊቶሪናን ያውቃል፤ ሎኮሞቲቭ ሳይጎትታት፣ ተሳፋሪዋን እንደ አውቶቡስ ይዛ፣ በሐዲድ ላይ ብቻዋን የምትሮጠውን የፊያት ሥራ። እንግዲህ ሊቶሪናን በሐሳባችሁ ውሰዱና መስኮቶቿን ሁሉ ድፈኑ። ዙሪያዋን ወፍራም ላሜራ አልብሷት። ከላይዋ ሦስት የታንክ ራስ፣ ማለትም መድፉን ይዞ የሚዞረውን ክፍል፣ ጫኑባት። የሦስቱ ከፍታ እኩል እንዳይሆን ደግሞ ተጠንቀቁ፤ የኋለኛው መድፍ በፊተኛው ራስ ላይ አሻግሮ መተኮስ አለበትና አንዱን ከፍ፣ አንዱን ዝቅ አድርጉት። በጎኖቿ ለማክሲም መትረየስ ቀዳዳ ክፈቱ። 80 ቶን ያህል ትመዝናለች። በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር ትሮጣለች።

ሦስቱ ራሶች ለእሷ ተብለው የተፈጠሩ አይደሉም። ያው የኪሮቭ ፋብሪካ ቲ-28 የተባለውን ታንክ ያመርት ነበርና የታንኩ ዋና ራስ ተወስዶ ተጫነባት። ሞተሯም ኤም-17 ነው። ይህ ሞተር መጀመሪያ ጀርመን አገር ቢኤምደብሊው ለአውሮፕላን የሠራው ሲሆን ሶቭየቶች በፈቃድ አመረቱት፤ ቀጥሎ ለታንክ አስማሙት፤ ከዚያ ሐዲድ ላይ አወጡት። የባቡር እግር፣ የታንክ ራስ፣ የአውሮፕላን ልብ። ሞዴል ለመሥራት ከብዙ መኪናዎች መካከል እሷን የመረጥኩት በዚህ ነው። ከሦስት ቤት የመጡ ነገሮች አንድ ጣሪያ ስር ሲኖሩ መገጣጠሚያቸው የት እንደሆነ ማየት እወዳለሁ።

መገጣጠሚያ ማየት የተማርኩት ድሬዳዋ ነው። አባቴ በምድር ባቡር ጥገና ክፍል ሞረድና ሞርሳ ይዞ ያረጀ ሰው ነበር። ለምሳ ቤት ሲመጣ ጣቶቹ ቅባት ይሸቱ ነበር፤ በሳሙና የማይለቅ፣ እኛ ልጆቹ ግን የምንወደው ሽታ። ዕቃ ሲሰጡት አገላብጦ የሚያየው ፊቱን አልነበረም። መጀመሪያ ጠርዙን ነበር በአውራ ጣቱ የሚዳስሰው። “የሠሪው ልብ ጠርዙ ላይ ነው” ይል ነበር። ዛሬ ካተሬን አንሥቼ የአንዲትን ትንሽ በር ጠርዝ በምፍቅበት ጊዜ አውራ ጣቴ ሳላዘው የእሱን ሥራ ይሠራል። በሯን ከአንድ ሚሊሜትር ፕላስቲክ ቆርጬ እንዳለች ብለጥፋት ከእውነተኛው ጋር ሳመሳክራት ሦስት ሳንቲም ተኩል ውፍረት ይኖራታል፤ እንዲያ ያለ በር ያላት ፉርጎ ደግሞ በዓለም ላይ አልነበረችም። ስለዚህ መሃሏን ሳልነካ ጠርዟን ብቻ በብርጭቆ ወረቀት አሳሳታለሁ። ሲያዩዋት ቀጭን ናት። እውነቱን የሚናገረው ጠርዙ ነው።

የሞዴሉን ልክ ለምን 1/35 አደረግኸው የሚሉኝ አሉ። ሃምሳ ወይም አርባ ያልሆነ፣ ለማካፈል የማይመች ቁጥር ነው። መልሱ ደስ ይለኛል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ታሚያ የተባለው የጃፓን ድርጅት ፓንተር የተባለውን የጀርመን ታንክ ሞዴል ሲሠራ በውስጡ ትንሽ ሞተርና ባትሪ ድንጋይ ማስገባት ፈለገ። ታንኩ የባትሪዎቹን ስፋት እንዲችል ተደርጎ ተነደፈ። በኋላ ሲለካ ከእውነተኛው 35 ጊዜ ያህል አንሶ ተገኘ፤ ልኩም በዚያው ጸንቶ የዓለም ሞዴል ሠሪ ሁሉ ተከተለው። የሁለት ባትሪ ድንጋይ ስፋት ነው እንግዲህ የእኔን ፉርጎ ቁመት የወሰነው።

አንዴ ልኩ ከተያዘ ሒሳቡ ራሱ ወግ ነው። 1 ሜትር ከ75 የሚሆን ሰው 5 ሳንቲም ይሆናል፤ ትንሿ ጣቴን አያክልም። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የነበረው ሩጫ ለ35 ሲካፈል ወደ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ይወርዳል፤ ከቅዳሴ የሚመለስ ሽማግሌ እርምጃ ነው። ክብደት ግን እንዲህ አይካፈልም። ርዝመቱም፣ ወርዱም፣ ቁመቱም እያንዳንዱ 35 ጊዜ ስለሚያንስ ክብደቱ የሚካፈለው ለ42,875 ነው። 80 ቶኑ ከሁለት ኪሎ ስኳር ያነሰ ይሆናል፤ 1 ኪሎ ከ870 ግራም ገደማ። የእኔዋ ፕላስቲክና ወረቀት ስለሆነች ያንን አትመዝንም ነበር። ስለዚህ ከወለሏ ስር እርሳስ ሸሽጌ ጨምሬባታለሁ። ማንም አያየውም። ስትነሣ ግን እጅ ይገባዋል።

ሐዲዱንም እኔው ነኝ የሠራሁት። የሶቭየት ሐዲድ በሁለቱ ብረት መካከል 1,524 ሚሊሜትር ነበር፤ ለ35 ሲካፈል 43 ሚሊሜትር ተኩል። የእኛው የጅቡቲ ሐዲድ አንድ ሜትር ስለነበር በዚሁ ልክ 28 ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። ሁለቱን አንድ ካርቶን ላይ በእርሳስ ጎን ለጎን ባሰምራቸው ልዩነታቸው ከአውራ ጣቴ ወርድ ያነሰ ነው፤ ለፉርጎዋ ግን ያች ጣት ድሬዳዋን የማትረግጥበት ምክንያት ናት። ከሐዲዱ ስር የሚነጠፉትን እንጨቶች ከአይስክሬም ዘንግ ቆርጬ በሻይ ውሃ ነክሬ አጠቆርኳቸው። ድሬዳዋ ሕፃን ሆኜ የረገጥኩት ብረት ነበር፤ እንጨቱን መጀመሪያ ያየሁት ሌኒንግራድ ነው።

ሌኒንግራድ የገባሁት በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ ለትምህርት ከተላኩት እጅግ ብዙ የአገሬ ልጆች አንዱ ሆኜ ነው። የመጀመሪያው ክረምት ሲጠናብኝ ከብርዱ ለመሸሽ ሳዶቫያ ጎዳና ላይ ወዳለው የባቡር ትራንስፖርት ሙዚየም እገባ ነበር። ድልድዮች፣ ሎኮሞቲቮች፣ ፉርጎዎች፣ ሁሉም አንሰው በመስታወት ውስጥ ተቀምጠዋል። ጓንቴን አውልቄ መስታወቱ ላይ እጄን አሳርፋለሁ። ከዚያ ስወጣ ከጋዜጣ መሸጫው ኪዮስክ “ሞዴሊስት-ኮንስትሩክቶር” የምትባለውን መጽሔት እገዛለሁ። በየወሩ የምትወጣ፣ በመሃሏ ከፊትም ከጎንም ከላይም የተነሣ ንድፍ የምታትም መጽሔት ናት። ሩሲያኛውን ከመማሬ በፊት ንድፉን ማንበብ ችያለሁ።

ንድፍ እያነበብኩ ነው የዚህችን ፉርጎ ዘመዶች ያወቅኋቸው። ታላቅ እህቷ “ዛአሙሬትስ” ናት፤ በ1916 ኦዴሳ ላይ ለሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ሠራዊት የተሠራች፣ ሁለት የሚዞር ራስ ያላት። የዚያች ታሪክ ብቻውን መጽሐፍ ነው። አብዮቱ ሲመጣ ቀያዮቹ ያዟት። በ1918 የቼኮች ሌጌዎን ማረካትና “ኦርሊክ” ብሎ ስም አወጣላት። በሳይቤሪያ ሐዲድ እየተዋጋች እስከ ቭላዲቮስቶክ ሄደች፤ ከዚያም ወደ ማንቹሪያ ተሻግራ የቻይና ጦር አበጋዝ እጅ ገባች። የአንድን አህጉር ዳር እስከ ዳር ያቋረጠች ፉርጎ ናት።

ሁለተኛው ዘመድ ሰው ነው። ኒኮላይ ዲሬንኮቭ ይባላል። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ዲ-2 የተባለችውን ብረት ለበስ ፉርጎ የነደፈ፣ ሐሳብ የማያልቅበት ፈልሳፊ ነበር። በ1937 ተይዞ በጥይት ተገደለ። ይህ ኤምቤቬ ከኪሮቭ ፋብሪካ የወጣችበት ዘመን ነው። የእሱንም ንድፍ በፋይሌ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ከእሷ ንድፍ ኋላ ነው ያለው፤ ገጹን በገለጥኩ ቁጥር እጄ ትንሽ ይዘገያል።

ለምን ሎኮሞቲቭ እንደቀረ ጦር ያልተማረ ሰውም ይገባዋል። በከሰል የሚሄድ ባቡር ጭሱ ከሩቅ ይጠራል፤ ውሃ ይጠማዋል፤ ጥይት የማፍያ ጋኑን ከበሳው እንፋሎቱ የራሱን ሰው ይቀቅላል። ባለ ቤንዚን ሞተሯ ፉርጎ ጭስም ውሃም የለባትም፤ ተነሺ ስትባል ትነሣለች። ድክመቷ ግን ከታላላቆቿ ጋር አንድ ነው። ሐዲዱ ከፊትና ከኋላ ከተቆረጠ መንገድ የላትም። ከአውሮፕላን የምትሸሸው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ነው፤ ወደ ጎን የሚባል ነገር አታውቅም።

ለሥራው የሚያስፈልገኝን የማገኘው መርካቶ ነው። ምናለሽ ተራ ሄጄ ያጣሁት ነገር የለም ማለት ይቻላል። የተቃጠለ ትራንስፎርመር ገዝቼ የመዳብ ሽቦውን እፈታለሁ፤ እጀታና መሰላል ይሆነኛል። ማስታወቂያ የሚሠሩ ልጆች ቁርጥራጭ ፕላስቲክ በነጻ ይሰጡኛል። ስንጥቅ የምሞላው ጋራዥ ቤት በሚጠቀሙበት ስቱኮ ነው። ለመትረየሶቹ አፈሙዝ ከፋርማሲ መርፌ እገዛለሁ። የሪቬት ራስ የምሠራው ደግሞ እንዲህ ነው፦ የለስላሳ ጣሳ ቀድጄ አለሰልሰዋለሁ፤ ከጀርባው ቀለሙ ባለቀ ቢክ ጫፍ እጫነዋለሁ፤ ገልብጬ ሳየው ነጥብ ሆኖ ብቅ ይላል። ከስር ላለው ክፈፍ ብቻ መቶዎችን ጫንኩ። አንዱ ከመስመሩ ሲያፈነግጥ ሙሉውን ጥዬ እንደገና እጀምራለሁ። ሰው የሠራው ሪቬት መስመሩን ይጠብቃል፤ ያንን ከአባቴ መሥሪያ ቤት አውቃለሁ።

ሦስቱን ራሶች ግን በእጄ እኩል ማድረግ አቃተኝ። ይዤ ወደ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። ወጣት ነው ባለሙያው፤ አሉሚኒየሙን አገላብጦ አየና፣

“ጋሼ፣ የምን ማሽን ዕቃ ነው?” አለኝ።

“የማሽን አይደለም፤ ሞዴል ነው። የሩሲያ ብረት ለበስ ባቡር፣ የድሮ።”

ንድፉን በቅባት ጣቱ እንዳይነካው ተጠንቅቆ ከሩቅ አየው። “ግማሽ ሚሊ ብለቅስ?”

“ግማሽ ሚሊ እዚያ ሁለት ሳንቲም ይጠጋል። በሁለት ሳንቲም ክፍተት ውስጥ የጥይት ፍንጣሪ ይገባል።”

ራሱን ነቀነቀና ቶርኖውን አስነሣ። ሁለተኛውን ራስ እየቀረጸ ሳለ ቀና ሳይል፣ “ስንት ሰው ነው የሚይዘው?” አለ።

“አርባ።”

ማሽኑን አጠፋው። የሚሽከረከረው ብረት ዝም እስኪል ጠበቀ። “አርባ? እዚች ውስጥ? የት ነው የሚተኙት ጋሼ?”

ስለዚህች ፉርጎ ብዙ ነገር አነብባለሁ። የመድፏ አፍ 76.2 ሚሊሜትር መሆኑን፣ ሲቀየርም ረዘም ያለው ኤፍ-34፣ ማለትም የቲ-34 ታንክ መድፍ የተጫነባት መሆኑን፣ ይህን ሁሉ በቃሌ እወጣለሁ። የት እንደሚተኙ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። ቤቴ ገብቼ መጻሕፍቴን ገለጥኩ። የሶቭየት ብረት ለበስ ባቡሮች ሁለት ክፍል ነበራቸው። የሚዋጋው ክፍል ወደ ፊት ሲሄድ፣ “ባዛ” የሚባለው የመኖሪያ ባቡር ወደ ኋላ ርቆ ይቆም ነበር። መኝታው፣ ወጥ ቤቱ፣ መጋዘኑ፣ የጥገና ክፍሉ እዚያ ነበር። ሰላም ከሆነ እዚያ ይተኛሉ። ውጊያ ከሆነ ግን በየተቀመጡበት፣ ከጥይት ሣጥን አጠገብ፣ ጀርባቸውን ለብረቱ ሰጥተው። ይህን ነገርኩት በማግስቱ ሄጄ። “ብረቱ ይቀዘቅዛል’ኮ” አለኝ። የሌኒንግራድን ክረምት አያውቀውም። ብረት ግን ያውቃል።

ያ ክረምት ምን እንደሚመስል የነገረችኝ ባቡሽካ ናት። ስሟን ሳይሆን ባቡሽካ እያልን ነበር የምንጠራት፤ የመኖሪያችን በር ጠባቂ ነበረች። ማታ ከጠረጴዛዋ አጠገብ ሻይ ስንጠጣ የዳቦ ፍርፋሪ ከጨርቁ ላይ በመዳፏ ጠራርጋ ትሰበስብና ወደ አፏ ታደርገዋለች። አንድ ጊዜም ስትረሳው አላየሁም። እኔ ደግሞ እንጀራ መሬት ሲወድቅ አንሥቶ የሚስም ቤት ነው ያደግሁት፤ ስለዚህ አልገረመኝም። አንድ ቀን ዳቦ ከእጄ ወደቀና እንደ ልማዴ አንሥቼ ግንባሬንና ከንፈሬን አስነካሁት። አየችኝ። “ልጄ፣ እናንተ አገርም ከበባ ነበር?” አለችኝ።

በ1941 ክረምት ዐሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ከኅዳር 20 እስከ ታኅሣሥ 25 ለሕፃናት፣ ለጥገኞችና ለቢሮ ሠራተኞች የሚሰጠው የቀን ዳቦ 125 ግራም ነበር። መዳፏን ዘርግታ በሌላው እጇ ጣት መጠኑን ከበበችልኝ። ዳቦው ራሱ ዳቦ ብቻ አልነበረም፤ ሴሉሎስና የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ይገባበት ነበርና ጠቅጥቆ ስለሚከብድ ቁራሹ ሲታይ ደግሞ ያንሳል። ባለፈው ሳምንት በወጥ ቤታችን ሚዛን 125 ግራም ዳቦ መዝኜ ሥራ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከሞዴሉ አጠገብ አኖርኩት። የእኔው ዳቦ አየር የሞላው ነው፤ እንዲያም ሆኖ ከመዳፌ አልወጣም።

ከተማይቱ በጀርመን ጦር የተከበበችው ከመስከረም 8 ቀን 1941 እስከ ጥር 27 ቀን 1944 ነው፤ 872 ቀን። ይህች ፉርጎ የተዋጋችው በዚያ ግንባር ነው። የተወለደችበት የኪሮቭ ፋብሪካ ከግንባሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ይርቅ ስለነበር በመድፍ እየተመታ ታንክ ይጠግን ነበር። በታኅሣሥ 1941 ኤሌክትሪክ አልቆ ትራሞቹ ቆሙ፤ በረዶ ውጧቸው በየመንገዱ ከረሙ። ሚያዝያ 15 ቀን 1942 እንደገና ተነሡ። ባቡሽካ ስለ ድሉ ቀን ብዙ አላወራችኝም። ስለዚያ የሚያዝያ ማለዳ ግን ደጋግማ ነግራኛለች፤ የትራሙን ደወል ሰምቶ ሰው ሁሉ ከየቤቱ ወጥቶ ዝም ብሎ ያይ እንደነበር። በጥር 1943 ከበባው ተሰብሮ በላዶጋ ሐይቅ ደቡብ ዳር ቀጭን መተላለፊያ ሲከፈት መጀመሪያ የተዘረጋው ነገር ሐዲድ ነው። 33 ኪሎ ሜትር፣ የኔቫን ወንዝ የሚሻገር የእንጨት ድልድይ ጨምሮ፣ ከሦስት ሳምንት ባነሰ ጊዜ፣ በመድፍ ተኩስ ስር። የካቲት 7 የመጀመሪያው የምግብ ባቡር ከተማ ገባ።

ይህን ታሪክ ከሰማሁ ወዲያ ነው የሞዴሉን ቀለም በተመለከተ ከባልንጀሮቼ ጋር የማልስማማው። የሶቭየቶቹ አረንጓዴ 4ቤኦ ይባላል፤ ትክክለኛ መልኩ ይሄ ነው ያ ነው እየተባለ ሞዴል ሠሪዎች ሌሊቱን ሙሉ ይከራከሩበታል። እኔ በዚያ አልከራከርም፤ ፀሐይና በረዶ ያየ አረንጓዴ አንድ ሆኖ አይቆይም። የምከራከረው በዝገቱ ነው። ብዙ ሠሪዎች አሮጌ ለማስመሰል ሲሉ ዕቃውን ሁሉ ቀይ ዝገት ያለብሱታል፤ ሲያዩት ሜዳ ላይ ሃያ ዓመት የተጣለ ይመስላል። ስሕተት ነው። አርባ ሰው ሕይወቱን የሰጣት ፉርጎ አትዝግም። ማጠፊያዋ ቅባት ይጠጣል፤ መሰላሏ በጫማ ይወለወላል፤ የበሯ እጀታ ዙሪያ ቀለሙ በጓንት ብዛት ያልቃል። እኔ ያደረግሁት ይህንን ነው። እጀታዎቹን በእርሳስ ዱቄት አሸሁ፤ ማጠፊያዎቹ ስር በአኳራጅ የቀጠነ ጥቁር ቀለም በብሩሽ ጫፍ አንድ አንድ ጠብታ አደረግሁ፤ አበቃሁ።

የክረምት ነጩን ቀለም የቀባሁት በአረንጓዴው ላይ የፀጉር ስፕሬይ ነፍቼ ነው። ስፕሬዩ ከደረቀ በኋላ ነጩ ይቀባል፤ ከዚያ በውሃ የራሰ ብሩሽ ሲነካው ሥሩ ያለው ስፕሬይ ይሟሟና ነጩ በየቦታው ይላላል፤ አረንጓዴው ብቅ ይላል። የሠራዊቱም ነጭ እንዲሁ በፀደይ ዝናብ የሚታጠብ ነበር። ባለቤቴ ስፕሬይዋን ለሦስተኛ ጊዜ ስወስድባት ምንም አላለችኝም፤ መጥታ አጠገቤ ቆማ ነጩ ሲለቅ አየች። “በሚያዝያ እንዲህ ነበር የምትመስለው?” አለችኝ።

የመንኮራኩሩን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከሐዲዱ ጋር የሚገናኝበት ዙሪያ ሁልጊዜ የሚያበራ ብር ነው፤ ሌላው አካል የፈለገውን ቢቆሽሽ። የሐዲዱም አናት እንዲሁ። ባቡር ያለፈበት ሐዲድ አናቱ መስታወት ይሆናል፤ ሁለት ዝናባም ቀን ካላለፈበት ቀይ ይጀምረዋል። አባቴ ጎንበስ ብሎ የሐዲዱን አናት አይቶ ባቡር ዛሬ ይለፍ ትናንት ይናገር ነበር። ለገሀር አካባቢ የቀረውን የድሮ ሐዲድ ሳልፍ እኔም ጎንበስ እላለሁ። የሞዴሌን ሐዲድ አናት በብርጭቆ ወረቀት አጥቤ፣ በጨርቅ ወልውዬ፣ ፊቴ እስኪታይበት አበራሁት፤ በዚህ ሐዲድ ላይ ትናንት ባቡር አልፏል፣ ዛሬም ያልፋል።

አሁን የቀረኝ ውስጡ ነው። ውጭው ሲያልቅ ሥራው አለቀ የሚሉኝ ነበሩ፤ ጣሪያውን አጣብቅና መደርደሪያ ላይ አኑራት። የቶርኖ ቤቱ ልጅ ጥያቄ ግን አላስተኛኝም። ስለዚህ ሰዎቹን መሥራት ጀመርኩ። ከመዳብ ሽቦ አጥንት፣ ከስቱኮ ሥጋ። የቆመው 5 ሳንቲም ነው፤ የተቀመጠው ከ4 ያነሰ። ዘዋሪው አለ። ከመካከለኛው ራስ ስር አዛዡ አለ። መድፍ የሚያጎርሱት፣ መትረየስ የያዙት፣ ከሞተሩ አጠገብ ጆሯቸው የደነቆረ መካኒኮች አሉ። አንዱን ከጥይት ሣጥን አጠገብ፣ ጀርባውን ለብረቱ ሰጥቶ፣ እንቅልፍ የጣለው አድርጌ ሠራሁት። ከራሱና ከብረቱ መካከል የተጣጠፈ ካፖርት አስገባሁለት፤ ብረቱ ይቀዘቅዛልና።

እውነተኛዋ ፉርጎ ከሞስኮ ወጣ ብሎ ባለው የኩቢንካ የታንክ ሙዚየም ቆማለች፤ የሚሄድ ሰው ያገኛታል። የእኔዋ አዲስ አበባ፣ መስኮቱ ስር ባለው ጠረጴዛ ላይ ናት። እስከ ዛሬ ሃያ ሦስት ሰው ገብቶባታል፤ ዐሥራ ሰባት ይቀራል። ጣሪያዋ አልተጣበቀም።